የወተት ሻጯ ምራት

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። እስቲ ሞክሩት፤ አንዱን ጫፍ በአገጭ፣ ሌላውን በጉልበት ይዛችሁ ስትታገሉ መሬቱን ይጠርግላችሁና ተመልሶ ወደ ማጠቢያ ይገባል። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ይሄን ሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አብረው የሠሩ ሁለት ሴቶች አሉ። የቀኟ እጥፌ ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከመታወቂያዋ በቀር እሱን የሚያስታውስ የለም። የግራዋ ደግሞ ግራዬ ናት። ሳብ፣ ረገፍ፣ ገጠም፣ እጥፍ። ሁለቱ ሲሠሩ አፍ አይከፍቱም፤ እጃቸው ነው የሚያወራው።

እጥፌ ከወሊድ የተመለሰች ዕለት አንድ ጥቁር ቦርሳ በብብቷ ሸጉጣ መጣች።

"ምንድነው እሱ?" አለቻት ግራዬ።

"ማለቢያ።"

"የምን ማለቢያ?"

"የኔ ነዋ! እዚህ ምን ሌላ ላም አለ?"

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። የባሏ እህት ከነካርቶኑ የሰጠቻት የእጅ ፓምፕ ነው፤ ከላይ ጡሩንባ የመሰለ አፍ፣ ከጎን እጀታ፣ ከታች ጠርሙስ። ያን ቀን እሷም ሳቀች። ከዛ በኋላ ግን በዚህ ፓምፕ የሳቀችበትን ቀን ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም።

የምታልበው ንጹሕ ልብስ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ቁልፍ የለውም። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ፎጣ በፎጣ ላይ የተከመረበትን መደርደሪያ እያየች ትጀምራለች። ፊው ቅጭ፣ ፊው ቅጭ። መጀመሪያ ምንም። ጡት ፕላስቲክ አይቶ የሚያዝን ነገር ነው እንዴ? ስልኳን ታወጣና የልጅቷን ፎቶ ታያለች፤ ያኔ አንዴ ይመጣል። ሲያልቅ ጠርሙሱን ትከድንና ቀኑንና ሰዓቱን ፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፋለች። ከዛ ሻይ መጠጫው ክፍል ፍሪጅ፣ በሩ ጋ ሳይሆን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ በፌስታል ጠቅልላ ታስቀምጣለች።

"አንድ ቀን ተሳስቼ ሻዬ ውስጥ እንዳልጨምረው!" ይላታል ማሽን ላይ የሚሠራው ወፍራሙ ሰውዬ።

"ብትጨምርማ ሰው ትሆን ነበር!"

አለቃቸውን "ጋሽ ደቂቃ" ነው የሚሉት፤ ፊት ለፊቱ ግን አይደለም። ጋሽ ደቂቃ ሲናገር ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። "እህቴ! ምንድነው ይሄ? ሆቴል ነው! እንግዳ ምን ይፈልጋል? አንሶላ ይፈልጋል! አንሶላስ ምን ይፈልጋል? ሰው ይፈልጋል! ሰውየዋ የት ናት? መጋዘን ናት! ሃያ ደቂቃ ተባልሽ፣ ሃያ ሦስት!" ይልና የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ሰዓቱ ጥፋተኛ ይመስል።

እጥፌ ይሄን ሁሉ የምትችለው በልጅቷ ምክንያት ነው። ሚጢጢ ያሏት በምክንያት ነው። በሰባት ወሯ፣ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ሆና ተወለደች። ሳምንታት እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ፣ እንደ ጫጩት ሙቀት እየተሰጣት ነው ሰው የመሰለችው። የክሊኒኳ ነርስ ለእጥፌ ቁርጡን ነግራታለች፤ "እስከ ስድስት ወር ከጡትሽ ወተት ሌላ ጠብታ ውሃ እንዳይገባባት። ሥራ ስትገቢ አልበሽ ተዪላት። የታለበ ወተት ሲቀመጥ ለሁለት ይከፈላል፣ አይደንግጥሽ። ከላይ የሚንሳፈፈው ስቡ ነው፣ የሚያሳድጋት እሱ ነው፤ ቀስ አድርገሽ አዟዙረሽ ታዋህጂዋለሽ። ክብደቷ ከቆመ ግን ቀልድ የለም፤ ሆስፒታል አስተኝተን ነው የምናያት።"

ቀን ቀን ሚጢጢን የምትይዘው አማቷ ናት። ይቺ ሴትዮ አርባ ዓመት ወተት ሸጣለች። በየቤቱ እየዞረች፣ ጣቷን ነክራ ብቻ ውሃ የገባበትን ከንጹሑ የምትለይ፣ በሷ ወተት የአንድ ሰው ሆድ ታሞ የማያውቅ፣ በዚህም እንደ ጄኔራል የምትኮራ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እጥፌ አንድ እግሯን ደጅ፣ አንድ እግሯን ቤት አድርጋ፣

"እማማ፣ ጠርሙሱን ከፍሪጅ ያወጡና ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ እሳት ላይ አይጣድም። የእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ያዩታል። ጠጥታ የተረፈውን ይደፉታል፣ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ደግሞ ከላይ የሚንሳፈፈውን..." አለች።

"ነይ ቁጭ በይና አስተምሪኛ!" አለች አማቷ። "ለቀባሪው አረዱት! አርባ ዓመት ወተት ሸጬ ዛሬ ወተት ማሞቅ ልማር? ሂጂ፣ አውቶብሱ ያመልጥሻል።"

አውቶብሱ እውነትም ጡሩንባውን እየነፋ ነበር። እጥፌ ሮጠች። የሚንሳፈፈው ነገር እንደተንሳፈፈ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚጢጢ ሚዛን ላይ ወጣች። ነርሷ ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገች፣ ከበፊቱ ነጥብ ጋር አገናኘችው። መስመሩ ዳገት መውጣቱን ትቶ ሜዳ ላይ ተኝቷል።

"በደንብ ትጠጣለች?"

"ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው፣ ሲስተር።"

"ሽንቷስ?"

"ደህና ነው። ጨርቋን ታርሳለች።"

"እንግዲህ ሁለት ሳምንት እንያት።"

እጥፌ እንደ ዳኛ በራሷ ላይ ፈረደች፤ ወተቴ ነው ውሃ የሆነው። ከዛን ቀን ጀምሮ የራሷን ምሳ በልታ የግራዬን ግማሽ ትጨምራለች። ውሃ በሊትር ትጠጣለች። በቀን ሁለቴ ታልብ የነበረችውን ሦስት ጊዜ አደረገችው። ሦስተኛው ለጋሽ ደቂቃ የሚዋጥ አልሆነም። ግራዬ ግን ዘዴ አገኘች፤ የአንሶላውን አንድ ጫፍ በበሩ እጀታ ላይ ታስርና በሩን እጥፌ አድርጋ ትሠራለች።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ጋሽ ደቂቃ ደርሶ። "በር ነው! በሩን ማን ቀጠረው?"

"ጋሼ፣ ከኔ የተሻለ ሠራተኛ ነው። አያወራ፣ ሰዓት አይጠይቅ!"

ሌሎቹ ሳቃቸውን በፎጣ አፈኑ። መጋዘን ውስጥ ያለችው እጥፌ ሁሉንም ትሰማለች፤ እጀታውን መጫኗን አላቆመችም። ፊው ቅጭ። እጇ እየደነዘዘ፣ ጡቷ እየቀላ፣ ጠርሙሱ ላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ስታሳልፍ ልጇን በመስመር የምታሳድግ ይመስላታል።

ቤት ግን ሚጢጢ እየቀለለች ነው። የጭኗ ቆዳ በልኳ እንዳልተሰፋ ሱሪ ተሸበሸበ። ማልቀስ እንኳ ትታ እንደ ትልቅ ሰው ማቃሰት ጀመረች። አንድ ነገር ብቻ አማረባት፤ ጸጉሯ። ያብረቀርቃል። ጎረቤት ሁሉ፣ "ኧረ እንዴት ያለ ጸጉር ነው! ምን ትቀቢያታለሽ?" ይላል። እጥፌ፣ "እኔ እንጃ፣ እማማ ናቸው የሚያጥቧት" ትላለች። እማማም በኩራት ፈገግ ይላሉ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ሲደውል ልጅቷን ጠይቆ፣ እናቱን ጠይቆ፣ ወሬው ወደ ቤት ችግር ዞር ሲል አንድ ነገር ይገጥመዋል።

"ልጅቷ እየከሳች ነው እኮ፤ ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለን..."

"ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም... ዋሻ ውስጥ እየገባሁ ነው!"

የሚሄድበትን መንገድ እጥፌ ታውቀዋለች፤ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ አንድም ዋሻ የለውም።

በሁለተኛው ሚዛን ሚጢጢ መቶ ሃያ ግራም ቀንሳ ተገኘች። ነርሷ ሁለት ጊዜ መዘነቻት፤ ሚዛኑን ባዶውን አይታ እንደገና መዘነቻት። ከዛ ወረቀት አወጣች።

"አንድ ሳምንት። በሳምንቱ ካልጨመረች አልጋ ትይዛለች። እንዳትቀሪብኝ።"

እጥፌ አውቶብስ ውስጥ ልጇን አቅፋ ስትመለስ ማንም አላናገራትም። ቢያናግሯትም አትሰማም። ይቺን ልጅ አንዴ ከሞት አፍ ነጥቀዋታል፤ ሁለተኛ እንደማይሳካ በሆዷ አምናለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ረፋዱ ላይ፣ የሆቴሉ መብራት ጠፋ። አንሶላ የሚተኩሰው ረጅሙ ማሽን ግማሹን አንሶላ ነክሶ ቆመ። ጋሽ ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ "መብራት ስንት ሰዓት ይመጣል? አይታወቅም! ግማሾቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ትሄዳላችሁ!" አለ። እጥፌ አንዷን ጠርሙስ ከበረዶ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ወጣች።

በሩን ገፋ ስታደርግ የፈላ ወተት ሽታ ተቀበላት።

አማቷ ምድጃው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ትንሿ ብረት ድስት ተጥዳለች። ወተቱ ገንፍሎ ከፍ ሲል እፍ ትለዋለች፤ ዝቅ ይላል። እንደገና ይነሳል፤ እፍ። ሦስተኛ። ከዛ አወረደችውና ድስቷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀመጠች። በረድ ሲል ማንኪያ አነሳችና ከላይ የረጋውን ስልባቦት፣ ጥርት አድርጋ፣ አርባ ዓመት በለመደ እጅ፣ አንድ ጊዜ ገፈፈችው። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አደረገችው። የቀረውን ሰማያዊ ውሃ የመሰለ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ቀዳች። ከዛ በሁለት ጣቷ ከብርጭቆው ዘገነችና፣ አልጋው ላይ የተኛችውን ሚጢጢን እያንጎራጎረችላት አናቷን ማሸት ጀመረች።

"እማማ። ምን እያደረጉ ነው?"

"ውይ! አስደነገጥሽኝ። ምነው በሰላም ነው? ምሳዋን እያደረስኩ ነው እንጂ።"

"ምንድነው የሚቀቧት?"

"ያንቺው ነው። ወፍራሙን የሕፃን አንጀት አይችለውም፣ ይዘጋታል። እሱን ገፍፌ ለስላሳውን እሰጣታለሁ። መድፋቱ ደግሞ ግፍ ነው ብዬ ለጸጉሯ አደረግኩት። አላየሽም እንዴት እንዳማረባት?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ነዋ። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ..."

የመጋዘኑ ሳጥን፣ የደነዘዘው እጅ፣ በበር እጀታ ላይ የታሰረው አንሶላ፣ የግራዬ ግማሽ ምሳ፣ ያ ሁሉ ድካም ለካ ጸጉር ላይ ነው ያለው። እርስዎ ማለቱም፣ እማማ ማለቱም ከአፏ ጠፋ።

"ገደልሽብኝ! ልጄን በረሃብ ገደልሽብኝ! እኔ እዛ በር ደግፌ እየታለብኩ አንቺ እዚህ ሥጋዋን ገፍፈሽ ጸጉሯን ትቀቢያለሽ? ላም ነኝ እንዴ እኔ? የላም ወተት ነው እንዴ ይሄ? ድሮም የሰው ልጅ አሳድጊ ብሎ ለወተት ሻጭ የሚሰጥ... ልጅ መያዝ የት ታውቂና!"

አማቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እንደገና አነሳችና ማንኪያውን አጠበች፣ ድስቷን አጠበች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ ሁሉንም በቦታው ደፋች። ከዛ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አልጋዋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሚጢጢ ታቃስታለች። እጥፌ ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ እንደተራበ ሰው ሳይሆን እንደደከመ ሰው ነው የጠባችው።

ከሰዓት ባሏ ደወለ። እያለቀሰች ነገረችው። ዋሻውን እየጠበቀች ነበር።

"ቆይ፣ መኪናውን ላቁም" አለ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። "ምን አልሻት?"

ያለችውን ነገረችው፤ አንድም ሳታስቀር።

"ልጅ መያዝ የት ታውቂና አልሻት?"

"አዎ።"

"ከኔ በፊት ሌላ እህት ነበረችኝ። አምስት ወሯ ነበር። እማዬ ታማ ጡቷ ሲደርቅ ጎረቤት ያልፈላ የላም ወተት ሰጧት። ሦስት ቀን አልቆየችም። ከዛ ወዲህ ሦስት ጊዜ ያልገነፈለ ወተት ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ወተት መሸጥ የጀመረችውም ከዛ በኋላ ነው፤ የሰው ልጅ በመጥፎ ወተት እንዳይሞት ነው ትላለች አክስቴ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እኔስ ማን ነገረኝ? እሷ አንድ ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም። ከአክስቴ ነው የሰማሁት።"

በማግስቱ እጥፌ ከሥራ ቀረች። አማቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደንግጬ ነው። አፌ ነው።"

"ምን አደረግሽ?" አለች አማቷ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ ቢኖር ጥሩ ነበር። "እውነትሽን ነው። ይልቅ አሳዪኝ፣ ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከፊት ነው ከኋላ?"

አሳየቻት። ተማረች። አርባ ዓመት ወተት የሸጠች ሴት እንደ አዲስ ተቀጣሪ ተማረች። ውሃውን ታሞቃለች፣ ጠርሙሱን ትነክራለች፣ ቀስ አድርጋ ታዟዙራለች፣ አንጓዋ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ አንድም አታጎድል። የተረፈውን እጥፌ እስክትመለስ ጠብቃ ፊት ለፊቷ ትደፋዋለች። "ይኸው፣ ደፋሁት። አየሽ አይደል?" ትላለች። ማንጎራጎሯ ጠፋ። ሚጢጢን አጠጥታ ወዲያው አልጋው ላይ ታስተኛታለች። ልጅቷ ስታለቅስ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ነው የምትሄደው።

"ታለቅሳለች። ላንሳት?"

"እማማ፣ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ያንሷት እንጂ!"

"እሺ። ካልሽ እሺ።"

እጥፌ መጋዘን ውስጥ ስልኩን ዘግታ ጭንቅላቷን ፎጣ ውስጥ ቀበረች። ከዛ ተነስታ እጇን እንደገና ታጠበች፤ ወተት እንባ አይጠብቅማ።

"ይቅርታ በያት" አለቻት ግራዬ አንሶላውን እየሳበች።

"አልኳት።"

"እንደገና በያት።"

"ስንቴ? ጠዋት እላታለሁ፣ ማታ እላታለሁ። ምንም አላደረግሽም ትለኛለች።"

ግራዬ ገጠም አደረገች። "እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አለች። ብላም አልቀለደችም፤ ግራዬ ሳትቀልድ የዋለችበት ቀን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሳምንቱ ሞላ። ነርሷ፣ "ቀን የምትይዛትም ትምጣ" ብላ ስለነበር ሦስቱም ሄዱ። እጥፌ ሚጢጢን አራቁታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። ነርሷ አየች፣ ካርዱን አየች፣ ደግማ ሚዛኑን አየች።

"ሁለት መቶ ሰማንያ ግራም ጨምራለች! አንቺ! ሁለት መቶ ሰማንያ!"

እጥፌ ጠረጴዛውን ያዘች። አልጋ የለም። ሆስፒታል የለም። ዞር ብላ አማቷን ፈለገቻት፤ ደስታ ለብቻ አይያዝምና። አማቷ በሩ አጠገብ፣ ሰው የምትጠብቅ እንግዳ ይመስል፣ ቆማለች።

"አያት፣ ጎበዝ ነዎት!" አለቻት ነርሷ። "ምን አደረጉላት?"

"እኔ ምንም አልነካሁም" አለች አማቷ። "እሷ ያለችኝን ብቻ ነው ያደረግኩት።"

ሲወጡ ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። አማቷ ሦስት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች። እጥፌ ሚጢጢን አቅፋ፣ ቦርሳ በትከሻዋ፣ ካርድ በጥርሷ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። መንገድ መሻገሪያው ጋ መኪናው በዛና ሁለቱም ቆሙ። አማቷ ሳታስበው ዞር ብላ፣ ልጅቷን ልትቀበል ሁለት እጆቿን ዘረጋች። እጥፌም ቶሎ ብላ ልጇን ወደፊት አስጠጋች።

እጆቹ አየር ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዛ አማቷ መለሰቻቸውና ያልተፈታ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

"መኪናው አልፏል" አለች። "ተሻገሪ።"